ባቄላ ቆጥሮ ያካፈለው ፈላስፋ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ295 ገደማ «ከተማ ከባቢው» የሚል ቅጽል የወጣለት የመቄዶንያው ድሜጥሮስ አቴንስን አጥሮ ይዞ እህል እንዳይገባ ዘጋ። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው አንድ ስፍር ስንዴ 300 ድራክማ ገባ። ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው ቁጭ ያሉ አባትና ልጅ የሞተች አይጥ ከጣራው ዱብ ብትል «ለእኔ፣ ለእኔ» ተባብለው ተናነቁ። በዚያው ሰሞን ኤፒኩሮስ የሚባል መምህር አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች ባቄላ ፍሬ በፍሬ እየቆጠረ በማካፈል ነፍሳቸውን አቆየ።

ከ2000 ዓመት በላይ «የሆዳሞች አለቃ» ሲባል የኖረው እንግዲህ ይህ ሰው ነው። ስለ ትምህርቱ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ይቺ የባቄላ ወሬ ታስረዳለች፤ ሰውየው ከምንም በላይ የልክ ሰው ነበር። ስንት ይበቃል? የቱ ጋ ይቆማል? ከዚያ ካለፈ ማን ይከፍላል? የደስተኛ ሕይወት ትምህርቱ ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም።

አማርኛ አንባቢ ስሙን መጀመሪያ የሚያገኘው የሐዋርያት ሥራ 17፥18 ላይ ነው። ጳውሎስ አቴንስ ውስጥ ካገኛቸው ፈላስፎች መካከል የኤፊቆሮስ ወገኖች ነበሩ። ከዚያ ብዙ ሰው ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥32 ይዘልና «እንብላ እንጠጣ፣ ነገ እንሞታለን» የሚለውን የኤፒኩሮስ መፈክር ያደርገዋል። ቃሉ ግን ኢሳይያስ 22፥13 ላይ ያለ ነው። ኤፒኩሮስ ለተማሪው ለሜኖይኬዎስ በጻፈው ደብዳቤ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ሕይወትን የሚያጣፍጠው የማያባራ መጠጥና ፈንጠዝያ፣ ዓሣና የተንዠረገገ ማዕድ አይደለም፤ ምን እንደምንመርጥና ምን እንደምንተው በሰከነ አእምሮ መመርመር ነው።

ስሙ መጥፋት የጀመረው ገና በሕይወት ሳለ ነው። የቅርብ ወዳጁ የሜትሮዶሮስ ወንድም ቲሞክራተስ ከማኅበሩ ወጥቶ፣ ኤፒኩሮስ ከመብላት ብዛት በቀን ሁለቴ ያስመልሰዋል ብሎ አስወራ። የፈላስፎችን ታሪክ የሰበሰበው ዲዮጋንስ ላኤርትዮስ ወሬውን መዝግቦ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» ይላል። ሰው ያስታወሰው ግን ወሬውን ነው፤ እንደተለመደው።

ሌላው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። ኤፒኩሮስ የሕይወት ግብ «ሄዶኔ» ነው ይላል። «ተድላ» ብለን ብንመልሰው ወዲያው ድሎት ትዝ ይለናል፤ «ደስታ» ብንለው ደግሞ ሠርግና ዘፈን ይመጣብናል። ለእኔ የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «እፎይታ» ነው፤ እሱም «እፎይ» የምንልባት ቅጽበት ሳትሆን፣ እፎይ ካልን በኋላ ያለው ረጋ ያለ ጊዜ። የጠማው ሰው ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ የሚሰማው አንድ ዓይነት ተድላ ነው። ጥሙ ካለፈ በኋላ ያለው ምንም የማይጎድልበት ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። ኤፒኩሮስ ትልቁ ተድላ ሁለተኛው ነው ይላል፤ ሥጋ ሳይታመም፣ ልብም ሳይናወጥ መኖር። ከእሱ በፊት የነበሩት የፈላስፋው የአሪስጢጶስ ተከታዮች ግብ የሚያደርጉት የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ይስታል።

ልዩነቱ ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሕመሙ መወገድ የተድላ ጣሪያ ከሆነ ተድላ ወሰን አለው ማለት ነው። ረሃብ ከጠፋ በኋላ የሚጨመረው ምግብ ተድላውን ይለዋውጠው ይሆናል እንጂ አያሳድገውም። በአማርኛ «ጠገበ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር መሸከሙን ልብ ይሏል፦ አንድም ረሃቡ ቆመ፣ አንድም ልቡ አበጠ። ኤፒኩሮስ የሚፈልገው ፊተኛውን ነው፤ ሥራው ሁሉ ፊተኛው ወደ ኋለኛው የሚያልፍባትን መስመር መፈለግ ነው።

መስመሯን ለማግኘት ፍላጎትን ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንደኛው ተፈጥሯዊም ግድም የሆነ ነው፦ የጠማው ሰው ውሃ፣ የራበው እንጀራ፣ የበረደው መጠለያ። ሁለተኛው ተፈጥሯዊ ሆኖ ግድ ያልሆነ ነው። ምግብ መፈለግ ተፈጥሮ ነው፤ ውድ ምግብ መፈለግ ግን ረሃብን ሳይሆን ጣዕምን ብቻ ይለውጣል። ሦስተኛው ከንቱ ነው፤ ከተፈጥሮም ከግድም ያልመጣ፣ ከባዶ ግምት የተወለደ። የጥንት ማብራሪያ ለዚህ የሚጠቅሰው ምሳሌ የክብር አክሊልንና በስም የሚቆም ሐውልትን ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ይቆማሉ፤ አንባቢውም ዝርዝሩን ይዞ «ስልክ የቱ ጋ ነው? መኪናስ?» እያለ ዕቃ መደልደል ይጀምራል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። የሚደለደለው ፍላጎት እንጂ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ዕቃ በሦስቱም ቦታ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ኤፒኩሮስ «ግድ» የሚለውን ራሱን እንደገና ሦስት ያደርገዋል፦ ለመኖር ግድ የሆነ፣ ለሥጋ ሰላም ግድ የሆነ፣ ለደስታ ግድ የሆነ። ምግብ የመጀመሪያው ነው። ልብስና መጠለያ ወደ ሁለተኛው ይገባሉ። ሦስተኛው ውስጥ፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ ጓደኝነትና የመመርመር ልማድ አሉ። ስለዚህ ጎጆ ቀልሶ ብቻውን ቂጣ የሚበላ ሰው የኤፒኩሮስን ኑሮ እየኖረ አይደለም፤ ከግድ ነገሮች አንዱ ጎድሎበታል።

አሠራሩን በአንድ ተራ ነገር እንየው። አንድ ሰው አዲስ ስልክ ያምረዋል እንበል። በመጀመሪያ ምኞቱን ወደ ሕመም ይመልሰው፦ ምን አመመኝ? «ባትሪው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላ የሚደውልልኝ ደንበኛ ያጣኛል» ካለ ሕመሙ ታውቋል፤ መድኃኒቱ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲቀየር ፍላጎቱም ይቆማል። «የቢሮ ጓደኛዬ የያዘውን ካየሁ ወዲህ የኔ አስጠላኝ» ካለ ግን ከማየቱ በፊት ሕመም አልነበረም። ያመመው ስልኩ ሳይሆን «በዚህ ስልክ ያንሱብኛል» የሚለው ግምት ነው። ግምትን በዕቃ ማከም ደግሞ ጥርስ ላመመው እግሩን ማሸት ነው።

ቀጥሎ ኤፒኩሮስ በማንኛውም ፍላጎት ላይ እንድናነሳ የሚያዘው ጥያቄ ይመጣል፦ የምመኘው ቢሳካ ምን እሆናለሁ? ባይሳካስ? ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን በደማቁ ይስላል፣ ሁለተኛውን ይዘልላል። መለኪያው ያለው ግን ሁለተኛው ጋ ነው። ሳይሟላ ሲቀር ሥጋን የማያሳምም ፍላጎት ግድ አይደለም፤ ሊሟላ የሚያስቸግር ወይም ጉዳት የሚያመጣ ሲመስልም በቀላሉ ይበተናል። ባይሟላም ሥጋን የማያሳምም፣ ግን አጥብቆ የሚያንገበግብ ከሆነ፣ ማንገብገቡ የመጣው ከነገሩ ተፈጥሮ ሳይሆን ከባዶ ግምት ነው። ይህን ምልክት መያዝ ጥሩ ነው፤ የማይጎዳን ነገር አለመኖር አጥብቆ ሲያሳርረን ሥሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ማቆሚያውን መፈለግ ነው። የተፈጥሮ ሀብት ወሰን አለው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ የከንቱ ግምት ሀብት መጨረሻ የለውም ይላል። ገንዘብ ላይ ሲሠራበት እንዲህ ነው፦ «ይበቃኛል» የምትለውን ቁጥር ዛሬ ጻፍ፣ ከጎኑ እያንዳንዱ ብር የትኛውን ሕመም እንደሚያስወግድ ጻፍ፦ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ የልጅ ትምህርት፣ የሕክምና መጠባበቂያ። የሕመም ስም ያልተገኘለት ብር ሁሉ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ወገን ነው። ዓመት ቆይተህ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ራሱ ሸሽቶ ከተገኘ፣ ኪራይና ቀለብ ሳይጨምሩ ማለቴ ነው፣ የጎደለህ ገንዘብ አልነበረም። ኢዶሜኔዎስ የተባለ ባለጸጋ ወዳጁ ፒቶክሊስን ሀብታም ሊያደርገው ቢያስብ ኤፒኩሮስ የሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ በገንዘቡ ላይ አትጨምርለት፣ ከፍላጎቱ ላይ ቀንስለት።

ስሌቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ እንዳይመስል። ማንኛውም ተድላ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ ግን ከራሱ የበዛ ጣጣ ያመጣል፤ ያኔ ይተዋል። ማንኛውም ሕመም በራሱ ክፉ ነው፤ አንዳንዱ ግን የሚበልጥ እፎይታ ያመጣል፤ ያኔ ይመረጣል። ኮሶ የጠጣ ትውልድ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ስህተት የሚገባው ጊዜው ላይ ነው፤ ተድላው ዛሬ ተቆጥሮ ጣጣው ለነገ ሲተው፣ ወይም ጣጣው ተቆጥሮ የሚሸከመው ሌላ ሰው ሲሆን። ሁለተኛውን ሲያይ ኤፒኩሮስ «በፍትሕ ሳይኖሩ በደስታ መኖር አይቻልም» ይላል። የበደለ ሰው እንዳልተያዘ ሊያውቅ ይችላል፤ እንደማይያዝ ግን እስከ ሞቱ እርግጠኛ አይሆንም፤ ይህ ስጋት ከሂሳቡ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ማዕዱ። ከተማሪዎቹ ጋር በሚኖርበት የአትክልት ቦታ ውስጥ የዘወትሩ ምግብ የገብስ ቂጣና ውሃ ነበር፤ ወይን ሲኖር አንድ ኮቲሌ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል፣ ያውም ቀላሉ፣ ይበቃቸው ነበር። ለወዳጁ ሲጽፍ «ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ፤ ሲያሰኘኝ ድግስ እንድበላ» ይላል። ይቺ አይብ የትምህርቱ ቁልፍ ናት። አይብ ተፈጥሯዊ ሆኖ ግድ ያልሆነው ወገን ነው፤ ኤፒኩሮስ አልከለከለውም፣ አጣጣመው እንጂ። ድሎትን አጥብቆ የሚያጣጥመው እሱን የማይሻው ሰው ነው ይላል። ዘወትር አይብ የሚበላ ሰው ድግስ ለመብላት ከአይብ በላይ ያስፈልገዋል፤ ወጪው ይወጣል፣ ተድላው ያው ነው።

በየጊዜው ደግሞ ልኩን ይፈትሽ ነበር። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በ18ኛው ደብዳቤው እንደሚተርከው ኤፒኩሮስ ረሃቡን በቁጥብ የሚያስታግስባቸው የተወሰኑ ቀናት ነበሩት፤ ከሙሉ ተድላው የጎደለ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደጎደለ፣ የጎደለውም ሊደከምለት የሚገባ መሆኑን ለማየት። ያን ጊዜ ከአንድ አስ ባነሰ ዋጋ ይበላ እንደነበር፣ ገና እሱ ደረጃ ያልደረሰው ሜትሮዶሮስ ግን ሙሉ አስ ያስፈልገው እንደነበር በደብዳቤ ጽፏል። አስ የሮማ ሳንቲም ስለሆነ ሴኔካ ሒሳቡን ለአንባቢዎቹ መንዝሮታል ማለት ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን የሳንቲሙ ዓይነት ሳይሆን ሁለቱ ጓደኛሞች ተፎካክረው ሳይዋሹ የየራሳቸውን ቁጥር መጻፋቸው ነው።

ጾም ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቅርብ ይመስላል፣ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ጾም ለንስሐና ለመታዘዝ ነው፤ የኤፒኩሮስ ቀናት መለኪያ ናቸው። ልሞክረው የሚል ሰው ሦስት ቀን ይበቃዋል፦ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ተራ ምግብ፣ እስኪራብ ጠብቆ፣ ረሃቡ ሲቆም ማቆም፤ ማታ ማታ በአንድ መስመር ምን እንደጎደለው መጻፍ። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው አይሞክረው፤ ጤና ከግዶቹ አንዱ ነውና ለፈተና አይቀርብም። ፈተናው በሦስት መንገድ ይበላሻል። አራተኛው ቀን ላይ ካሣ በሚመስል ግብዣ ከተዘጋ የተለካው ትዕግሥት ነው እንጂ ፍላጎት አይደለም። በተራው ምግብ ቦታ አሥር ዓይነት ወጥ ከተደረደረ፣ አንዳንድ ቤት የጾሙ ማዕድ ከፍስኩ እንደሚበልጠው፣ ምንም አልተለካም። ለሰው ከተወራ ደግሞ ቁጥብነቱ ራሱ አክሊልና ሐውልት ሆነ።

ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን ከዚህ ማዶ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ውስጥ በአንድ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጥራዝ ላይ 81 የኤፒኩሮስና የተከታዮቹ አባባሎች ተገኙ፤ ከእነሱ አንዱ ቁጥብነትም ልክ አለው፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው ልክ በማጣት ከሚሳሳተው ሰው ጋር የሚመሳሰል ጥፋት ያገኘዋል ይላል። ስስትን የኤፒኩሮስ ካባ ለሚያለብሱ የተጻፈ ነው። ሕክምና እየዘገየ፣ ልጅ እየበረደው፣ እንግዳ እየተሸሸ የሚቆጠብ ገንዘብ ከንቱ ፍላጎት ነው፤ ማቆሚያ የለውማ።

የአትክልት ቦታውን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ኤፒኩሮስ ሳሞስ ደሴት ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ከአቴናውያን ወላጆች ተወለደ፤ አባቱ ፊደል አስተማሪ ነበር። ሚቲሊኒና ላምፕሳኮስ ላይ አስተምሮ በ306 ገደማ አቴንስ ገባና በ80 ሚና፣ ማለትም በ8000 ድራክማ፣ ቦታውን ገዛ። ባሪያዎችና ሴቶች አብረው ይማሩ ነበር፤ ሊዮንቲዮን የተባለችው ሴት ከታወቁት አንዷ ናት። ንብረት ግን የጋራ አልነበረም። ፒታጎራስ የጓደኛሞች ሀብት የጋራ ይሁን ቢልም ኤፒኩሮስ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ንብረትን አንድ ላይ ማስቀመጥ አለመተማመንን ያሳያል፣ የማይተማመኑ ደግሞ ጓደኛሞች አይደሉም። በሰላሙ ጊዜ ለየራስ ነው፤ ከበባው ሲመጣ ባቄላው ይቆጠራል።

ስለ ጓደኝነት ከተናገራቸው በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የሚረዳን የጓደኞቻችን እርዳታ ሳይሆን እንደሚረዱን ያለን እርግጠኝነት ነው። ገንዘብ የምናከማችበትን ምክንያት ብንመረምር አብዛኛው ፍርሃት ነው፤ ብታመምስ፣ ከሥራ ብወጣስ። ማንን እንደምጠራ ባውቅ የዚያ ፍርሃት ግማሹ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። እዚህም ልክ አለ፤ ዘወትር እርዳታ የሚጠይቅም፣ እርዳታን ከጓደኝነት ፈጽሞ የሚለይም ጓደኛ አይደለም። የመጀመሪያው ሞገስን ይቸረችራል፣ ሁለተኛው የነገን ተስፋ ይቆርጣል።

ትምህርቱ ብቻውን በሚያነብ ሰው ላይ የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ለሜኖይኬዎስ «ይህን ቀንና ሌሊት ለራስህና ከሚመስልህ ሰው ጋር አጥና» ይለዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለራስ የሚሆነው መድገም ነው፤ የትምህርቱ ማጠቃለያ የሆኑት 40 ዋና አንቀጾች አጫጭር ሆነው የተጻፉት በቃል እንዲያዙ ነው፤ ንዴት ወይም ምኞት በመጣ ሰዓት መጽሐፍ የሚገልጥ የለማ። ከሌላው ጋር የሚሆነው ደግሞ ግልጽ ተግሣጽ ነው። ፊሎዴሞስ የተባለው ተከታዩ በዚህ ላይ መጽሐፍ ጽፏል፤ ገሣጩን ከሐኪም ጋር ያመሳስለዋል፤ መጠኑም ጊዜውም እንደ ሕመምተኛው ይለያያል። የራሳችንን ከንቱ ፍላጎት «ግድ ነው» ብለን የምንከራከርበትን ቋንቋ ከኛ ቀድሞ የሚሰማው ጓደኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ሁለት ፍርሃቶች አሉ፣ የአምላክና የሞት፤ ኤፒኩሮስ እነሱ ሳይነቀሉ ፍላጎት አይታረምም ይላል። ተከታዮቹ ትምህርቱን በአራት መስመር ጨምቀው «ቴትራፋርማኮስ»፣ ማለትም «ባለ አራት መድኃኒት»፣ አሉት። ቃሉ የመጣው ከሰም፣ ከሞራ፣ ከዝፍትና ከሙጫ ከሚሠራ የቁስል ቅባት ነው። መስመሮቹን ያተረፈልን በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የኢጣልያን ከተማ ሄርኩላኔምን ሲቀብር አብሮ የከሰለ የፊሎዴሞስ ጥቅልል ነው፦ አምላክ አያስፈራም፤ ሞት አያሳስብም፤ በጎው ነገር በቀላሉ ይገኛል፤ ክፉው በቀላሉ ይቻላል።

የመጀመሪያው ለሃይማኖተኛ አንባቢ አይዋጥም፤ ማለሳለስም አያስፈልግም። ኤፒኩሮስ አማልክት የሉም አላለም፤ አሉ፣ ብፁዓን ናቸው፣ ስለዚህም በሰው ጉዳይ አይቆጡም አይማለዱም አለ። ጸሎት የሚሰማ አምላክ የሚያምን ሰው ይህን ትቶ የፍላጎቱን ስሌት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ኤፒኩሮስ ራሱ ግን በዚህ አይስማማም ነበር፤ ለእሱ አራቱ አንድ ቅባት ናቸው።

ስለ ሞት ያለው ክርክር አጭር ነው፦ እኛ ሳለን ሞት የለም፤ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም፤ ደግና ክፉ የሚሰማው በስሜት ነው፣ ሞት ደግሞ የስሜት ማጣት ነው። እዚህ ላይ የሚደረገው ስህተት መድኃኒቱን ለማይሆን በሽታ መስጠት ነው። ክርክሩ የሚመልሰው መሞትን ለሚፈራ ሳይሆን ሙቶ መኖርን ለሚፈራ ነው፤ ከሞት በኋላ በጨለማ ተኝቼ ይሰማኛል ብሎ ለሚያስብ። ጣሩን ለሚፈራ አራተኛው መስመር ነው የተዘጋጀው፤ ለሐዘንተኛ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እሱ እኮ አይሰማውም» የሚል ሰው ኤፒኩሮስን አልተረዳም። ፕሉታርክ ጠላታቸው ሆኖ እንኳ እንደመሰከረው፣ የኤፒኩሮስ ሰዎች በወዳጅ ሞት እንባንና ሐዘንን ሊያጠፉ ከሚሹት ጋር ይከራከሩ ነበር፤ ፈጽሞ አለማዘን ከሐዘን ከሚብስ ነገር፣ ከጭካኔ፣ ይመጣል ብለው።

አራተኛው በእኔ ግምት ከሁሉ ደካማው ነው። ብርቱ ሕመም አጭር ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ለተድላ ቦታ ይተዋል ይላል። ለዓመታት ብርቱ ሕመም የያዘውን ሰው ያየ ይህን አይቀበልም። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮም አጥብቆ ተችቶታል። ለኤፒኩሮስ የሚባልለት ቢኖር ራሱ ላይ መሞከሩ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ገደማ፣ በ72 ዓመቱ፣ የኩላሊት ጠጠር ሽንቱን ዘግቶበት 14 ቀን ታመመ። በመጨረሻው ቀን ለኢዶሜኔዎስ ጻፈ፦ የሽንቱ መታፈንና የአንጀቱ ሕመም ከዚህ የባሰ ሊሆን አይችልም፣ በዚህ ሁሉ ላይ ግን ያለፈውን ጭውውታችንን ሳስታውስ የልቤ ደስታ ቆሞ ይሟገታል። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት የነሐስ ገንዳ ገባ፣ ውሃ ያልተቀላቀለበት ወይን ለምኖ ጠጣ፣ ትምህርቱን እንዲያስታውሱ ተናግሮ ሞተ። ሕመሙ ጠፋ አላለም፤ ሂሳቡ ላይ ሌላ ነገር ደመረበት። አንቀጹ ለማሳመን የማይበቃውን ያህል ደብዳቤው ያሳምናል።

በዚያው ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ላይ ያለው ፍልስፍና ሳይሆን አደራ ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት የሞተውን የሜትሮዶሮስን ልጆች ተንከባከብ ይላል። ኑዛዜውም እንዲሁ ነው። አትክልት ቦታው ለተተኪው ለሄርማርኮስና ለተማሪዎቹ እንዲሆን፣ የሜትሮዶሮስ ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ እንድትዳር፣ ባሪያዎቹ ሚስ፣ ኒቅያስና ሊቆን፣ እንዲሁም ፋይድሪዮን የተባለችው ሴት ነጻ እንዲወጡ አዘዘ። ሚስ ከጌታው ጋር ፍልስፍና የተማረ ሰው ነበር። ከቦታው ገቢ ላይ ደግሞ በየወሩ በ20ኛው ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እሱንና ሜትሮዶሮስን እንዲያስብ ተቆረጠ። በወር አንድ ቀን ማኅበር የሚጠጣ ሰው ደንቡን ለመረዳት አይቸገርም። በዚህ ምክንያት «ሃያዎቹ» የሚል ስም ወጣላቸው።

ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ቀኑ ኢጣልያ ውስጥ ይከበር ነበር። ፊሎዴሞስ ፒሶ የተባለውን የሮማ ባለጸጋ በአጭር ግጥም ለሃያው ሲጠራው ቤቱ ትንሽ እንደሆነ፣ ሮማውያን የሚስገበገቡለት የዐሣማ ጡትና የኪዮስ ወይን እንደማይቀርብ አስቀድሞ ነገረው። እውነተኛ ጓደኞች ግን ይኖራሉ፤ ና፣ በዘጠኝ ሰዓት።